ስማቸው የጠፋ መኪናዎች፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እዚህ ባህር ዳር የአንድ መኪና ስም አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ደላላው ገና ሞዴሉን ሲሰማ ዋጋ ይሰብራል፤ ጎረቤት «እሷን ነው እንዴ የገዛኸው?» ይላል፤ ባለቤቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታሰማውን ድምፅ ሁሉ በፍርሃት ያዳምጣል። ጋራዥ ውዬ ስገባ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ የመኪናዋን ስም ያጠፋው ብዙውን ጊዜ አንድ ዕቃ መሆኑን ነው። እሱ በጊዜ ከተገኘ አብዛኛዋ ትድናለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያላችሁን በርካሽ ጥሎ ሌላ መግዛት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከመሸጣችሁ በፊት ችግሩን እንፈልገው።

ቆማ የምትንቀጠቀጥ፣ ማርሽ አልቀበል የምትል «ሴሚ አውቶማቲክ»

መብራት ላይ ትቆማላችሁ። ስትነሱ መኪናዋ ትርገበገባለች፣ ወይም ሰሌዳው ላይ የማርሹ ምልክት ብልጭ ድርግም ይልና ነዳጅ ብትሰጧት ዝም ትላለች። አጥፍታችሁ ስታስነሷት ደህና ትሆናለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው።

ይህ ቶዮታ «መልቲሞድ» ያለው ካምቢዮ ነው። ከአውሮፓ በመጡ አንዳንድ ኮሮላ፣ ኦሪስና ያሪስ ላይ ይገኛል። ፔዳሉ ሁለት ስለሆነ ሰው አውቶማቲክ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ተራ ማንዋል ካምቢዮና አንድ ፍሪሲዮን ነው፤ በእናንተ እግር ፈንታ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው አክቹዌተር የሚባል ዕቃ ነው። በዛዊት ዳገት ላይ ፍሬን ሳትይዙ ነዳጅ በመርገጥ ብቻ ካቆማችኋት ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተይዞ ግማሽ ተለቆ ይቃጠላል። በሰልፍ ውስጥ ስንዝር በስንዝር መጎተትም ያው ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ወይም የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ረጅም ከቆማችሁ ወደ ኤን አውጧት።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት መምህር እንዲህ ያለች መኪናውን አስጎትቶ መጣ። «ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እንድሸጣት ብቻ ያስነሱልኝ» አለኝ። ከአንድ ወር በፊት ሌላ ጋራዥ አዲስ ፍሪሲዮን አስገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብሳ ነው ያረፈችው። በኮምፒውተር መመርመሪያ ማሽን ስናያት ፍሪሲዮኑም አክቹዌተሩም ደህና ነበሩ። ያልተሠራው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ አዲሱ ፍሪሲዮን የት ላይ እንደሚይዝ በማሽን መማር ነበረበት። ሳይማር ሲቀር አሮጌውን፣ ያለቀውን ፍሪሲዮን እያሰበ ነው የሚረግጠው። ጠዋት የገባችው መኪና ከምሳ በፊት ወጣች። መምህሩ መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞሮባት መጥቶ «ይቺው ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሸጣትም።

እንግዲህ ፍሪሲዮን ከማዘዛችሁ በፊት በማሽን ትታይ። ከቀየራችሁም «ማስተማሩ ተሠርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ መጀመር የለበትም።

ዘይት የምትበላ

መሬት ላይ ጠብታ የለም። መለኪያውን ስታወጡ ግን ዘይቱ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለት ወርዳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይላል።

በዚህ ክፉኛ የተጠላው ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠራው የቶዮታ 1ዜድዜድ፣ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ነው። ወንድሞቹ 1.6ና 1.4 ሊትሮቹም ያው ጠባይ አላቸው። የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ከሲሊንደሩ ግድግዳ የጠረገው ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። ዘይቱ ሲያረጅ ጥላሸት ይደፍናቸዋል፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል።

በርካሹ ጀምሩ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ላይ የሞተሩን ትንፋሽ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ። ፍቱትና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ይሠራል፣ ዝም ካለ ተደፍኗልና ቀይሩት። ይህን ብቻ ቀይሮ የተገላገለ ሰው አውቃለሁ። ካልበቃ ሞተር መውረዱ አይቀርም። ያኔ ፋሻ ብቻ ቀይራችሁ አሮጌውን ፒስተን እንዳትመልሱ እለምናችኋለሁ፤ ቀዳዳው ያው ስለሆነ ችግሩ ይመለሳል። የተሻሻለውን ፒስተን ፈልጉ። ለሞተር መውረጃ ገንዘብ እስኪገኝ በየሳምንቱ መለኪያውን አይታችሁ የጎደለውን ሙሉ። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚገድለው የሚበላው ዘይት ሳይሆን መጉደሉን ሳያዩ ጎንደር ደርሶ መመለስ ነው። የዘይት ማወፈሪያ እያሉ የሚሸጡትን ፈሳሽ አታስገቡ።

ጠዋት የምትንኳኳ ዲፎርዲ

የሂሉክስ፣ የፕራዶና የሚኒባስ ባለቤቶች ይህን ያውቁታል። ዲፎርዲ የሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ 1ኬዲና 2ኬዲ፣ ጉልበታም ናቸው፤ የሚፈራው ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተራቸው ነው። ጠዋት ስትነሳ ትንኳኳለች፣ ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ሹፌሩም «ሞቃ ተወች» ብሎ ይረሳዋል።

በኢንጀክተሩ ሥር ከአንድ ብር ሳንቲም የማትተልቅ የመዳብ ሮንዴላ አለች። እሷ ስታልቅ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ አፈትልኮ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቴስታታውን ክዳን ስትከፍቱ ኢንጀክተሮቹ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቅርፊት ካያችሁ ጉዳዩ ያ ነው። ጥፋቱ ግን እዚያ አያቆምም። ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ወደ ኮፓ፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ፣ ይወርድና የዘይት ፖምፓው የሚስብበትን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት መጀመሪያ ለቱርቦ ያንሳል፣ ቀጥሎ ለኩሽኔታ። የዘይት መብራት እስኪበራ ከጠበቃችሁ ሞተሩ ሄዷል።

ስለዚህ ሮንዴላ ስትቀይሩ ኮፓውም ይውረድ፣ ወንፊቱም ይታይ። መቀመጫው በደንብ ይጠረግ፤ ያገለገለች ሮንዴላ አትመለስ። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ይህን የጠበቀ ሚኒባስ ጎንደርና ባህር ዳር መካከል ለዓመታት ይመላለሳል።

አባይ በረሃ ላይ የምትፈላ

ከባህር ዳር አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አባይ በረሃ ወርዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ መልሶ ይወጣል። የድሮው ባለ 3.0 ሊትር 1ኬዜድ ናፍጣ ሞተር ቴስታታው ይሰነጠቃል ተብሎ የተጠላውም እንዲህ ባለ ዳገት ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተራችሁ ደግሞ በጤናው ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው የሚሠራው። በመካከል ያለችው ጠባቂ የራዲያተሩ ክዳን ናት። ደህና ከሆነች ውስጡን አምቃ መፍያውን ከ115 ዲግሪ በላይ ታወጣዋለች፤ ጎማዋ ከደረቀ ግን ዳገቱ መሃል ትፈላላችሁ። ዋጋዋ ከቴስታታ ጋር አይነጻጸርም፤ ከረጅም መንገድ በፊት ትታይ። በሃይላንድ ጠርሙስ ከጣና እየቀዱ መጨመርም ይቅር፤ ደለሉ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ዝገቱ ፖምፓውን ይበላል። ኩላንት ግዙ። ሙቀቱ ከወጣ ዳር ይዛችሁ፣ ሞተሩን ሳታጠፉ ትንሽ አቆዩት፤ ውሃው ካለቀ ግን ወዲያው አጥፉት። ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ፤ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አይቻለሁ።

ሞተሩ ሲጮህ መኪናዋ የማትሄድ ሲቪቲ

እዚህ ላይ ተስፋ አልሰጣችሁም። ሲቪቲ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው፤ በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች መካከል የብረት ቀበቶ ይሽከረከራል። ኒሳን በአሜሪካ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ለተሠሩት የሲቪቲ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል ያራዘመው የባለቤቶች ብሶት ስለበዛ ነው። በዝግታ ስትሄዱ ገና የምትንዘፈዘፍ ከሆነች ዘይቱ ይቀየር፤ ግን ፋብሪካው ያዘዘው የሲቪቲ ዘይት ብቻ። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ቀበቶውን ያንሸራትተዋል። የወረደው ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካያችሁ ግን በዘይት ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። እንዲህ ያለች መኪና ልትገዙ ከሆነም ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ሳትሞቅ ቀብድ አትክፈሉ።

ኤሌክትሪኳ

የቶዮታ ቢዜድፎርኤክስ «ጎማዋ ይነቀላል» የሚል ስም ያተረፈችው በ2022 እ.ኤ.አ. የጎማ ቡሎኖቿ ሊላሉ ይችላሉ ተብሎ ፋብሪካው ለጥገና መልሶ ስለጠራት ነው። በዚያው ዓመት የተሻሻለ ቡሎን ወጥቶላታል። የመጀመሪያዎቹን ስትገዙ ቡሎኖቹ መቀየራቸውን በሻንሲ ቁጥሯ አጣሩ፤ ሳይጣራ አትንዷት። ስትጠመዘዙ ከጎማ በኩል ኳኳታ ከሰማችሁ ደግሞ እዚያው አቁሟት።