አዲስ የጡረታ ሕግ ሲመጣ የእርስዎን ድርሻ እንዴት ያሰላሉ?

የአክስቴ ቤት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቡና አፍልታ ስለ ጡረታ ወሬ ከተነሳ ጀበናውን ታስቀምጥና ሳጥኗን ትከፍታለች። በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ታወጣለች። የተቀጠረችበት ቀን፣ ደመወዝ የተጨመረላት ወር፣ የተቆረጠባት መዋጮ፣ ሁሉም እዚያ አለ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ቀለሙ ደብዝዟል። «ሕጉ ተሻሻለ ሲሉኝ እኔ የማየው ይችን ነው» ትላለች።

እኔም ከእሷ የተማርኩት ይህንኑ ነው። የጡረታ ማሻሻያ በዜና ሲነገር የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ለተቀመጠ ሰው በወር የሚገኝ ወይም የሚታጣ ብር ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል።

1. የትኛው ሕግ እንደሚመለከትዎ ይለዩ

ሁለት ሕጎች አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። እነዚህ የ2003ቱን አዋጆች፣ 714ን እና 715ን ተክተው የመጡ ናቸው። የቢሮ ሠራተኛውና የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ በመጀመሪያው ይታያሉ። የሐይቅ ዳር ሎጅ ወጥ ቤት የሚሠራው፣ የግል ባንክ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህሩ በሁለተኛው።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከአዋጅ 209/1955 ጀምሮ አለ። የግሉ ሠራተኛ ግን ይህን መብት ያገኘው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ዕድለኛ ከሆነ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከአሰሪው ጋር ተጠራቅሞ ሲሰናበት በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ) ነበረው፤ ካልሆነ ባዶ እጁን ነበር የሚሰናበተው። ስለዚህ ባሕር ዳር ውስጥ በግል ድርጅት የሠሩ ብዙ ሰዎች የአገልግሎት ዘመናቸው የሚቆጠረው ከ2003 ወዲህ ነው። ይህን በደንብ ይያዙት፤ ቀጥሎ ያስፈልገናል።

2. የዛሬውን ያስሉ

ለውጡን ለማወቅ መጀመሪያ ያለዎትን ማወቅ አለብዎት። መዋጮው ከደመወዝ 18 በመቶ ነው። 7 በመቶው ከእርስዎ ይቆረጣል፤ 11 በመቶውን አሰሪው ይጨምራል። ደመወዝዎ 8,000 ብር ቢሆን ከእርስዎ 560፣ ከአሰሪው 880፣ በድምሩ 1,440 ብር በየወሩ ይገባል። የግሉ ዘርፍ በ2003 ሲጀመር ሠራተኛው 5፣ አሰሪው 7 በመቶ ነበሩ። ቀስ በቀስ ነው እዚህ የደረሰው።

አበሉስ? የጡረታ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ይውሰዱ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝልዎታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አማካይ ደመወዝዎ 8,000 ነው እንበል። 10 ዓመት ብቻ ካገለገሉ 2,400 ብር ነው። 20 ዓመት ከሆነ 42.5 በመቶ፣ ማለትም 3,400። 30 ዓመት ከሆነ 55 በመቶ፣ ማለትም 4,400። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት መሥራት አለብዎት።

አሁን ወደ 2003 ይመለሱ። ዕድሜ ልኩን በግል ሆቴል የሠራ ሰው በ2003 ላይ 45 ዓመቱ ቢሆን፣ 60 ሲሞላው የሚቆጠርለት 15 ዓመት ብቻ ነው። 36.25 በመቶ። በ8,000 ብር ሲሰላ 2,900 ብር። ከዚያ በፊት ለጡረታ መዋጮ ያልተከፈለበት ዘመን ለአበሉ አንድ ሳንቲም አይጨምርለትም።

3. ደመወዝዎ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዋጮ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ ጉርሻ አይገባም። በእኛ ከተማ ደግሞ በቱሪዝም የሚኖረው ሰው ብዙ ነው። አስተናጋጁ ጥሩ ወር ላይ ከደመወዙ የበለጠ ጉርሻ ሊያገኝ ይችላል። ጡረታው ግን ስለ ጉርሻው አያውቅም። መሠረታዊ ደመወዙ 3,500 ከሆነ 30 ዓመት አገልግሎም የሚያገኘው 1,925 ብር ነው።

አሰሪው «ደመወዝህን ከምጨምር በአበል ላድርግልህ» ሲል ዛሬ እጅ ላይ የሚደርሰው ብር ደስ ሊያሰኝ ይችላል። ግን ለጡረታ የሚያዋጣው ስላልጨመረ አሰሪው 11 በመቶ ይድንለታል፤ እርስዎ ደግሞ ከአበልዎ ይጎድላል። ቢያንስ አውቀውት ይስማሙ።

4. ማሻሻያውን ለብቻ ለብቻ ይሞክሩት

ማሻሻያ ሲባል በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይወራል። አንድ አንዱን ነጥለው በራስዎ ቁጥር ላይ ያስገቡት። እኔ የማየው አራት ነገር ነው።

መዋጮው። ሠራተኛው ከ7 ወደ 8 በመቶ ቢወጣ በ8,000 ብር ላይ በወር 80 ብር ነው። ይህ ቀላሉ ስሌት ነው።

የመውጫ ዕድሜው። በ25 ዓመቱ የተቀጠረ ሰው በ60 ሲወጣ 35 ዓመት አገልግሏል። 61.25 በመቶ፣ 4,900 ብር። ዕድሜው 63 ቢደረግ 38 ዓመት ይሆናል። 65 በመቶ፣ 5,200 ብር። ጭማሪው በወር 300 ነው። በምትኩ የ3 ዓመት አበል፣ 176,400 ብር ይቀርበታል። በእርግጥ በነዚያ ዓመታት ደመወዝ ያገኛል። ጥያቄው ያኔ ሥራውን ይችለዋል ወይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ይቻላል። በ62 ዓመቱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ምድጃ ፊት ለሚውል ወይም የክር ማሽን ለሚጠብቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ዕድሜ ለሁሉም እኩል ይጨመር የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

አማካዩ የስንት ዓመት ነው? ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ ግን ብዙ ብር ያለው እዚህ ነው። የመጨረሻ 5 ዓመታት ደመወዝዎ 4,000፣ 5,000፣ 6,000፣ 8,000 እና 10,000 ነበር እንበል። የ3 ዓመቱ አማካይ 8,000 ነው። የ5 ዓመት ቢደረግ 6,600 ይሆናል። 30 ዓመት ላገለገለ ሰው 4,400 የነበረው አበል ወደ 3,630 ይወርዳል። መዋጮው ያው፣ ዕድሜው ያው፤ በአንድ ቁጥር ብቻ በወር 770 ብር ሄደ። አማካዩን ማርዘም ተገቢ የሚሆነው የቆየው ደመወዝ በዋጋ ንረቱ ልክ ከፍ ተደርጎ ሲታሰብ ብቻ ነው። ረቂቅ ሲያነቡ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይፈልጉ።

የዋጋ ማስተካከያው። 4,400 ብር ይዘው ወጡ፤ ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ቢጨምርና አበሉ ባለበት ቢቆም ከ3 ዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ ወደ 2,546 ብር ይወርዳል። አክስቴ ይህን ያለ ካልኩሌተር ታውቀዋለች። ድሮ በአበሏ ጤፉንም ዘይቱንም ገዝታ፣ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ቆሮሶ ዓሣም ይዛ ትመለስ ነበር። አሁን ዓሣው ቀርቷል። ዕድሜን ከመጨመር በፊት መነጋገር ያለብን በዚህ ላይ ነው። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ ቢሉ፣ አንዱ ምንጭ የተጠራቀመው መዋጮ ራሱ ነው። ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው የዋለው የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ (መንግሥት በወለድ በሚበደርበት ወረቀት) ነበር። ወለዱ ደግሞ ከዋጋ ንረቱ በታች ነበር። የሠራተኛው ገንዘብ ተቀምጦ ሲቀንስ ኖሯል ማለት ነው።

5. ፋይልዎን ያስተካክሉ

የትኛውም ጥሩ ሕግ የተበላሸ ፋይል አያድንም። አክስቴ መጀመሪያ ስትቀጠር ቅጹን የሞላላት ጸሐፊ ዕድሜዋን በ2 ዓመት አስበልጦ ጻፈው። ያኔ ልጅ ነች፤ ማን ልብ ይላል? ሕጉ ደግሞ የሚቀበለው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ዕድሜ ነው። በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ዋጋ የለውም። በእውነተኛ ዕድሜዋ 58 ላይ ጡረታ ወጣች። የሁለት ዓመት ደመወዝ ቀረባት። አበሏም ከአማካይ ደመወዟ በ2.5 በመቶ አነሰ። አማካይ ደመወዟ 4,000 ስለነበር በየወሩ 100 ብር ነው። እስካሁን በየወሩ።

ስለዚህ ልጅዎ ወይም እህትዎ አዲስ ሥራ ስትጀምር አብረው ሄደው ቅጹን ያንብቡ። ልደቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ በግልጽ ይጻፍ። ስምና የአባት ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። «ወርቁ» አንዱ ላይ፣ «ወርቄ» ሌላው ላይ ከሆነ በኋላ በማስረጃ ፍለጋ መንከራተት ነው። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይያዙ። ትዳርና ልጆች ሲጨመሩ ያስመዝግቡ፤ ባለመብቱ ቢሞት የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ የሚያገኙት በዚህ ማስረጃ ነው።

ሥራ ሲቀይሩ የአገልግሎት ማስረጃ ሳይቀበሉ አይውጡ። በየወሩ ከደመወዝ መክፈያው ላይ የተቆረጠውን ያረጋግጡ። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ ገቢ መደረጉንም ይጠይቁ። ድርጅት ሲዘጋ ያልገባ መዋጮ ማሳደድ ቀላል አይደለም።

6. ረቂቁ ሳይጸድቅ ይናገሩ

አዋጅ በአንድ ሌሊት አይወጣም። ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ተመልሶ ድምፅ ይሰጥበታል፤ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። የመናገሪያው ጊዜ ኮሚቴው ጋ ሳለ ነው። የሠራተኛ ማህበር ካለዎት በማህበሩ በኩል ይሂዱ፤ ማህበራቱ እስከ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን) ድረስ የተያያዙ ናቸው። ከሌለዎት የመረጡትን ተወካይ ይያዙ።

ሲናገሩ «ጡረታ አነሰ» ብቻ አይበሉ። ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ። «30 ዓመት አገልግያለሁ፤ ዛሬ 4,400 ነው የማገኘው፤ በረቂቁ 3,630 ይሆናል። የቆየው ደመወዜ በዋጋ ንረቱ ልክ ይታሰብልኛል ወይ? አበሉስ በስንት ጊዜ ይስተካከላል?» ብለው ይጠይቁ። የመለሰልዎትን ሰው ኃላፊነትና ቀኑን እዚያው ደብተርዎ ላይ ይጻፉት።