ፒክሚንን በ30 ቀን እንዴት መጨረስ ይቻላል?

ስትራቴጂ ጌም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኮምፒውተርና ማውስ ነው። በአንድ ጎትታ ሃምሳ ወታደር ትመርጣላችሁ፣ ካርታው ጥግ ላይ ጠቅ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ይህንኑ በጆይስቲክ ልሞክር ያለ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ኒንቴንዶ በ2001 ለጌምኪዩብ ያወጣው ፒክሚን ግን ከመነሻው ለጆይስቲክ ታስቦ የተሠራ ነው። ጠቋሚዋ ከካፒቴኑ ፊት ፊት ትሄዳለች። ሠራዊቱ ደግሞ ከኋላ ይከተላል። በ2023 ለስዊች እንደገና ስለወጣ የድሮው ኮንሶል የሌላችሁም መጫወት ትችላላችሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ካፒቴን ኦሊማር መርከቡ ተሰብራ በማያውቀው ፕላኔት ላይ ወድቋል። የመርከቧ 30 ዕቃዎች ተበታትነዋል። መተንፈሻው የሚሠራው ለ30 ቀን ብቻ ነው። ከ30ዎቹ ውስጥ 25ቱ ግዴታ ናቸው፣ 5ቱ ቢቀሩም መርከቧ ትነሳለች። ዕቃውን የሚሸከሙለት ፒክሚን የሚባሉ ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው፤ ግማሽ ተክል፣ ግማሽ ጉንዳን በሏቸው። ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶም ሐሳቡ የመጣለት ጉንዳኖች ሲሸከሙ አይቶ እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ፦ የመጀመሪያውን ቀን አትቸኩሉበት

ቀን አንድ ላይ ሰዓት አይቆጥርም። ስለዚህ እጃችሁን አፍታቱበት። ኤ ይወረውራል፣ የበቀለውንም ይነቅላል። ቢ ፉጨት ነው፣ የተበተነውን ይሰበስባል። ኤክስ ቡድኑን በየቀለሙ ይበትናል። እነዚህን ሦስቱን ሳታዩ መጫን እስክትችሉ ተለማመዱ።

ፒክሚን በቀለም ይለያያሉ፤ ቀዮቹን የምታገኙት እዚሁ ነው። ጌሙ «ሽንኩርት» ወደሚላት ቤታቸው ቁጥር ያለበትን እንክብል ሲወስዱ አዲስ ፒክሚን ይበቅላል። እንክብሉና ሽንኩርቷ አንድ ቀለም ከሆኑ ትርፉ ይበልጣል፤ 5 ቁጥር በቀለሟ ሽንኩርት 5 ሲሰጥ፣ በሌላ ቀለም 3 ብቻ ይሰጣል። ቀኑ የሚያልቀው ዋናውን ሞተር ስትመልሱ ነው። እሱን ለማንሳት 20 ፒክሚን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ፦ ቀለሞቹን ለዩ

ቀዩ እሳት አይነካውም፣ በድብድብም ከሁሉም ይበረታል። ቢጫው ሲወረወር ከፍ ይላል፣ ቦምብም የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። ሰማያዊው ውኃ ውስጥ ይሄዳል። ቢጫውን ፎረስት ኦፍ ሆፕ በሚባለው ቦታ፣ ሰማያዊውን ፎረስት ኔቭል በሚባለው ቦታ ታገኛላችሁ። ፎረስት ኔቭል የሚከፈተው 5 ዕቃ ሲሞላ ነው፣ ዲስታንት ስፕሪንግ የሚባለው ቦታ ደግሞ 12 ሲሞላ።

ስለ ቦምቡ አንድ ነገር። ቢጫውን ወደ ግድግዳው ወርውሩ፣ ቦምቡን እንደጣለ ወዲያው አፏጩና ራቁ። ፍንዳታው ወገን አይመርጥም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሙሉ ቡድን ያጣሁት በጠላት ሳይሆን በገዛ ቦምቤ ነው።

ዋናው ነገር፦ ተሸካሚውን አትሸኙ

ጌሙ የሚያልቀውም የሚያቅተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን 13 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀማሪ ሰው አሥር ፒክሚን ዕቃ ሲያነሱለት ደስ ይለውና እስከ መርከቧ ድረስ ከኋላቸው ያዘግማል። ሁለት ደቂቃ በከንቱ! ጉንዳን እኮ አጃቢ አያስፈልገውም። መንገዳቸውን ያውቁታል።

እንዲህ አድርጉ። ጠዋት ሲነጋ ከሽንኩርቶቹ እስከ 100 ፒክሚን አውጡ፣ ሜዳ ላይ በአንዴ የሚፈቀደው ይህን ያህል ነው። የተወሰኑትን ግድግዳ ላይ ጣሏቸው፣ ያፍርሱ። ሌሎቹ ድልድይ ይሥሩ። እናንተ ከቀሩት ጋር መንገዱን ከጠላት አጽዱ። ግድግዳው ሳያልቅ ቢመሽም ግድ የለም፣ የፈረሰው ፈርሶ ያድራል። ዕቃው ጋ ስትደርሱ ከላዩ የሚታየውን ቁጥር እዩ፤ ከሚፈለገው በላይ ሰው ከጨመራችሁበት ይፈጥናል። አናታቸው ላይ አበባ ያወጡት ደግሞ ቅጠል ብቻ ካላቸው ይቀድማሉ። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ላይ ባለ አበባዎቹን ላኩ።

ተሸካሚዎቹ መንገዱ ሳይጸዳ ከተነሱ ግን ለአውሬ ቁርስ መላክ ነው። ጽዳቱ ሁልጊዜ ይቅደም።

ቡልቦርብ ከሚባሉት አውሬዎች ትልቁ ቀን ቀን ይተኛል። ከፊት አትሂዱበት፣ አፉ እዚያ ነው። ከኋላ ዞራችሁ ጀርባው ላይ ወርውሩ። ሲነቃ አፏጩና ሽሹ፣ ደግሞ ተመለሱ። ትንሹ ግን አንድ ፒክሚን ጀርባው ላይ በትክክል ካረፈበት ወዲያው ይሞታል።

ሲመሽ

ፀሐይ ስትጠልቅ ከእናንተ ጋር ወይም ሽንኩርቷ አጠገብ ያልሆነ ፒክሚን ይበላል። አበላሉንም ያሳዩዋችኋል፣ ያሳዝናል። ስለዚህ ቀኑ ሊያልቅ ሲል አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ዞር ዞር ብላችሁ አፏጩ። እንክብል ያደረሱት ሽንኩርቷ ሥር፣ ዕቃ ያደረሱት መርከቧ ጋ ቆመው ነው የሚጠብቋችሁ። ውኃ ማዶ ላለ ቀይ ወይም ቢጫ ግን ከዚህ ማዶ ሆናችሁ አታፏጩ። ታዛዥ ናቸው፣ ቀጥታ ገብተው ይሰምጣሉ።

ቀኑ ክፉኛ ከተበላሸ ሴቭ ሳታደርጉ ከትናንት ጀምሩት። ነውር አይደለም።

ስለ ቀን አቆጣጠሩ ያን ያህል አትጨነቁ። በቀን አንድ ዕቃ ብታመጡ እንኳ ይበቃል። በቀን ሁለት የምታመጡበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ቁጥራችሁ ሲመነምን አንድ ሙሉ ቀን እንክብል ለመሰብሰብ ብቻ ማዋል ትችላላችሁ። እኔ እንዲያውም ቶሎ አድርጉት እላለሁ፤ በሠላሳ ፒክሚን ሦስት ቀን ከመንከራተት ይሻላል።

29 ዕቃ ሲሞላ ፋይናል ትራያል የሚባለው የመጨረሻው ቦታ ይከፈታል። እዚያ ሦስቱንም ቀለም ይዛችሁ ግቡ፣ መንገዱን ለመክፈት ሁሉም ያስፈልጋሉ። መጨረሻ ላይ የሚጠብቃችሁ ኤምፐረር ቡልብላክስ የሚባለው አውሬ ምላሱን ሲዘረጋ ቦምብ ካስዋጣችሁት ይደነዝዛል፤ ያኔ ነው መረባረብ። ሆዱ ውስጥ ያለው የኦሊማር ካዝና ነው። ካዝናው ለመርከቧ መብረር አያስፈልግም፣ ከአምስቱ ትርፎች አንዱ ነው። እኔ ግን ትቼው መሄድ አልሆነልኝም።