ለሊፖይድ ደርማቶአርትራይተስ ትክክለኛውን ኮድ እንዴት እንስጥ?

ይህ በሽታ እምብዛም አይገጥምም። ሲገጥም ግን ብዙ ኮደር (የበሽታን ስም ወደ ኮድ የሚቀይር ባለሙያ) ይሳሳትበታል። በጣቶችና በጥፍር ዙሪያ ትናንሽ ጠጣር እብጠቶች ያወጣል፣ መገጣጠሚያንም ይበላል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ መልቲሴንትሪክ ሬቲኩሎሂስቲዮሳይቶሲስ ይሉታል። የማሳየው አሜሪካ ውስጥ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ኮድ ዝርዝር፣ በአይሲዲ-10-ሲኤም ነው።

መጀመሪያ ቻርቱን (የታካሚውን የሕክምና መዝገብ) እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ሐኪሙ በሽታውን አረጋግጧል ወይስ ጠርጥሯል? ተመላላሽ ታካሚ ሆኖ “ይመስላል” ወይም “ይጠረጠራል” ከተባለ የበሽታውን ኮድ አይስጡ። ምልክቱን ነው የሚኮዱት። የቀኝ እጅ መገጣጠሚያ ሕመም ኤም25.541 ነው፣ የግራው ኤም25.542። ተኝቶ የታከመ ሰው ከሆነ ደንቡ ሌላ ነው፤ ሲወጣም ጥርጣሬው እንዳለ ከሆነ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ይኮዳል።

ከተረጋገጠ ወደ ፊደል ማውጫው ይሂዱ። “ደርማቶአርትራይተስ” የሚለውን፣ ከሥሩ ደግሞ “ሊፖይድ” የሚለውን ይፈልጉ። ኢ78.81 ያገኛሉ። እዚያ አያቁሙ፤ ዋናውን ዝርዝር ከፍተው ያመሳክሩ። ብዙ ሰው የቆዳና የመገጣጠሚያ በሽታዎች ምዕራፍ ውስጥ ሲፈልግ ይደክማል። ኮዱ ግን ያለው ሜታቦሊክ በሽታዎች ጋ፣ ከስብ መዛባት ሥር ነው። የመጨረሻዋን 1 እንዳይረሱ። ኢ78.8 ብቻውን ያልተሟላ ኮድ ስለሆነ ኢንሹራንሱ ይመልሰዋል።

ቻርቱ ላይ ያለው መልቲሴንትሪክ ሬቲኩሎሂስቲዮሳይቶሲስ የሚለው ረጅሙ ስም ብቻ ከሆነስ? “ሂስቲዮሳይቶሲስ” የሚለው ቃል በቀላሉ ወደ ዲ76.3 (ሌሎች የሂስቲዮሳይቶሲስ ሕመሞች) ይወስዳል። በራስዎ አይወስኑ፣ ሐኪሙን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚመስል ኤም06.9 የሚል ኮድ በቀላሉ ይለጠፍበታል። ያ ኮድ አንዴ ከገባ ከጉብኝት ወደ ጉብኝት እየተገለበጠ ይሄዳል። ቀጣዩ ሐኪምም የሚያየው እሱን ነው። ከእነዚህ ታማሚዎች መካከል ደግሞ ሩብ ያህሉ ላይ ካንሰር ይገኛል። ትክክለኛው ስም ካልተመዘገበ ካንሰሩን የሚፈልግለት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የድሮውን ኮድ ዝም ብለው አይገልብጡ። ካንሰር ተገኝቶ ከተጻፈም የራሱን ኮድ ለብቻው ይስጡት። የደም ስብ ከፍ ብሏል ተብሎ ከተጻፈም እንደዚሁ፤ ኢ78.5 ግን የኢ78.81 ምትክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትን አይሲዲ-10 በሚጠቀም አገር የምትሠሩ፣ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ጥንድ ኮድ ነው። የጩቤ ምልክት (†) ያለበት ኢ78.8፣ ማለትም የመነሻው በሽታ ኮድ፣ ይቀድማል፤ የኮከብ ምልክት (*) ያለበት ኤም14.3፣ ማለትም በሽታው መገጣጠሚያ ላይ የታየበት ኮድ፣ ይከተላል።

ከመላክዎ በፊት ቀኑን ይዩ። የአሜሪካው ኮድ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳል። የሚሠራው ታካሚው በታየበት ቀን የነበረው እትም ነው፤ ተኝቶ ለታከመ ደግሞ የወጣበት ቀን።