ምጣዱ ደህና ሆኖ ስፒናው ለምን ይቀልጣል? የከረንትና የሬዚስታንስ ስሌት በደሴ ማድ ቤት

ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብተው «የምጣድ ሬዚስታንስ» ቢሉ ሻጩ የተጠቀለለ ሽቦ አውጥቶ ይሰጥዎታል። የፊዚክስ መምህር ግን በዚያው ቃል የሚጠራው ዕቃውን ሳይሆን ጠባዩን ነው፤ ሽቦው ከረንት በቀላሉ እንዳያልፍበት የሚያሳየውን እምቢታ፣ በኦም የሚለካውን።

ቦርከናን ያስቡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ውሃውን የሚነዳው ያ የከፍታ ልዩነት በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይባላል። በድልድይ ሥር በየሰከንዱ የሚያልፈው ውሃ ከረንት ነው፣ በአምፔር ይለካል፤ ጥበቱና ቋጥኙ ሬዚስታንስ ነው። ምሳሌው ከዚህ አያልፍም። ቦርከና ወርዶ አይመለስም፤ ከረንት ግን መመለሻ ከሌለው ጨርሶ አይነሳም። ከስፒናው ሁለት መስመር የሚወጣውም ለዚህ ነው፦ አንዱ መሄጃ፣ ሌላው መመለሻ። (መብራት ሄደ ሲባል የሄደው ቮልቴጁ ነው። ሶኬቱ ላይ ምንም ካልተሰካ ከረንት ቀድሞውንም አልነበረም።)

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ አጭር ነው፦ ቮልቴጁን ለሬዚስታንሱ ቢያካፍሉ ከረንቱን ያገኛሉ።

አሁን የራስዎን ምጣድ ይለኩ። ከሶኬቱ ይንቀሉትና ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 200 ኦም ላይ አድርገው የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ፤ 0.3 ወይም 0.5 ቢያሳይ የመለኪያው ገመድ ድርሻ ስለሆነ ኋላ ይቀንሱታል። ከዚያ የምጣዱን ማብሪያ ከፍተው ጫፎቹን በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ ይያዙ። በስተግራ «1» ብቻ ከታየ ሽቦው ተበጥሷል፤ ለዜሮ የቀረበ ከሆነ ሾርት ነው፣ እንዳይሰኩት። 15 ኦም አገኙ እንበል። 220 ሲካፈል ለ15፣ 14.7 አምፔር። ይህን በ220 ሲያባዙ 3,200 ዋት ገደማ ይሆናል።

ይህ ስሌት ለምጣድ የሚሠራው የምጣዱ ሽቦ የሚሠራበት ኒክሮም የተባለ ብረት ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም ስለማይለወጥ ነው። የድሮውን ባለ ሽቦ አምፖል እንዲህ ቢለኩት ግን ይሸወዳሉ፤ ቀዝቃዛ ሳለ የሚያሳየው፣ ሲበራ ካለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

ምጣዱ ወደሚሰካበት ማከፋፈያ ገመድ (ኤክስቴንሽን) እንምጣ። የመዳብ ገመድም ሬዚስታንስ አለው፤ ሲረዝም ይጨምራል፣ ሲወፍር ይቀንሳል። 10 ሜትር ማከፋፈያ ደርሶ መልስ 20 ሜትር ነው። ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.46 ኦም ይሆናል፤ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በዚህ ሲባዛ 100 ዋት ያህል ገመዱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ባለ 2.5 ከሆነ 30 ዋት ብቻ። ቀጭኑን ጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር መክተት ደግሞ ሙቀቱ መውጫ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ሶኬቶች የሚያያዙት በትይዩ በመሆኑ ከምጣዱ ጎን የ2,000 ዋት ምድጃ ቢሰኩ 9 አምፔር ይደመራል፤ 24 አምፔር ገደማ በዚያው ገመድ ያልፋል።

ከገመዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መገናኛው ነው። የላላ ብሎን ወይም የሰፋ ሶኬት ሩብ ኦም ብቻ ቢጨምር፣ በዚያች ነጥብ 52 ዋት ይወልዳል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበት ካውያ 40 ወይም 60 ዋት ነው፤ ስፒናዎ ውስጥ ካውያ ተቀምጧል ማለት ነው። ሙቀቱ መዳቡን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ ያ ደግሞ መልሶ ያሞቃል። ከረንት ሲበዛ የሚቆርጠው ብሬከር ይህን አያይም፤ ጠቅላላ ከረንቱ እንዲያውም ወደ 14.4 አምፔር ወርዷል። ስለዚህ ከጋገሩ በኋላ ነቅለው ስፒናውን በእጅ ይዳብሱ። ካቃጠለ ብሎኑን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም፤ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቆርጠው፣ ደህናውን ልጠው እንደገና ይሰሩት፣ ሶኬቱንም ይቀይሩ። የግድግዳውን ሶኬት ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ።

የተበጠሰ ሬዚስታንስን የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ ማጣመር የተለመደ ነው፣ ግን መጥፎ ጥገና ነው። ሽቦው በአንድ አምስተኛ ካጠረ 15 ኦሙ 12 ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ 18.3 ያድጋል፣ ለ16 አምፔር የተሠራውን ሶኬት ያልፋል። ምጣዱ ፈጥኖ ሲግል ባለቤቱ «ተሻለው» ይላል።

በተቃራኒው ጋጋሪ በበዛበት ሰዓት ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ኃይሉ ወደ 2,160 ዋት፣ ማለትም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን ሲያጣ ሊጡን ከመውቀስ በፊት ቮልቴጁን መለካት ነው።

ክረምት ላይ ሸክላው እርጥበት ይጠጣል። የተነቀለውን ምጣድ በ2 ሜጋ ኦም መለኪያ ከስፒናው ጎን ባለው የኤርዝ ብረትና በእያንዳንዱ እግር መካከል ይለኩ፤ «1» መታየት አለበት። ቁጥር ካነበበ ወይም ምጣዱ እጅ ከነዘረ ከረንቱ በሸክላው በኩል ወደ ቆርቆሮው እየሾለከ ነው። ፀሐይ ላይ አድርቀው ደግመው ይለኩ፤ ቁጥሩ ካልጠፋ ለባለሙያ ያሳዩ እንጂ አይሰኩት።