መኪና ሲገጫችሁ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አትበሉ

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ለገጣፎ በዚያ ሰዓት የሚጮኸው ጅብ ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከቨርጂኒያ። ከሄደ ገና አምስት ወሩ። «ጋሼ፣ ትናንት መኪና ከኋላ ገጭቶኝ ነበር። ያኔ ምንም አልተሰማኝም። ዛሬ አንገቴ አልዞር አለኝ።»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ረስቻለሁ። እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ነድቼ ነው የተመለስኩት። ከሰፈራችን ቪዛ ያገኘ ሁሉ ከመብረሩ በፊት ቤቴ ቡና ሊጠጣ ይመጣል። ስለ ጃኬት ይጠይቃል። ስንት ኪሎ በርበሬ ማስገባት እንደሚችል ይጠይቃል። ስለ አንገቱ የጠየቀኝ የለም። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እነሱ ዊፕላሽ ይሉታል፤ እኛ «አንገቱ ተቀጨ» የምንለው ነው። ቆማችሁ ሳለ ከኋላ ስትገጩ ገላችሁ ከወንበሩ ጋር ወደፊት ይወረወራል። ጭንቅላታችሁ ለቅጽበት ወደኋላ ይቀርና ተስፈንጥሮ ይከተላል። የአንገት ጡንቻና ጅማት የሚጎዳው ያኔ ነው። ፓራውልቱ ትንሽ ተጭሮ ብቻ ስላያችሁት አንገታችሁም ተርፏል ማለት አይደለም።

ሕመሙ ደግሞ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ነው፣ አንዳንዴም ቀናት ይቆያል። ማጅራት ይደርቃል። ከማጅራት የሚነሳ ራስ ምታት ይኖራል። ትከሻ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል። እኔ ያወቅኩት ጥርሴን ስቦርሽ ነው። ልተፋ ጎንበስ ብዬ መነሳት አቃተኝ። ጭንቅላቴን በሁለት እጄ፣ እንደ እንስራ፣ ደግፌ ቀና አደረግኩት።

እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ከዛለ ወይም ከተጠቀጠቀ፣ ሽንት ካመለጠ፣ ራስን መሳት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ካለ፣ የአንገት አጥንቱ መሃል ላይ ሲነካ ካመመ ግን ማግስትን አትጠብቁ፤ 911፣ የድንገተኛ እርዳታ ስልክ፣ ደውሉ። ዕድሜው 65 የሞላው ሰው፣ ማለትም ሊጠይቋችሁ የመጡት እናትና አባት፣ ምንም ቢሉ ይታዩ። «ኢንሹራንስ የለኝም» ብላችሁም አትቅሩ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ድንገተኛ ክፍል ከፍላችሁም ሳትከፍሉም መርምሮ ሊያረጋጋችሁ ግዴታ አለበት። ሂሳቡ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነው የተገጨሁት። ወረድኩ፣ ተጨባበጥን፣ «ደህና ነኝ» አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን የገጨኝ ሰውዬ ኢንሹራንስ ደወለ። ሴትየዋ ድምፅዋ ማር ነው። ንግግሩ እየተቀዳ እንደሆነ ነገረችኝና «ዛሬ እንዴት ነህ?» አለችኝ። ሐበሻ እንዴት ነህ ሲባል ምን ይላል? አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ተቀምጬ «በጣም ደህና፣ ተመስገን» አልኳት። ሳምንት ሳይሞላ የ600 ዶላር ቼክ ከአንድ ወረቀት ጋር መጣ። እኔ የመኪናው ማሠሪያ መስሎኝ ፈረምኩ። ወረቀቱ ለካ ከዚህ በኋላ ለመኪናውም ለአካሌም ምንም አልጠይቅም የሚል ነበር። ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ የተመላለስኩት በኪሴ ነው። ስደውል «ፋይሉ ተዘግቷል» አሉኝ። ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ፤ ሁሉም ጋ የሚጠብቀኝ የራሴ ፊርማና የራሴ «ተመስገን» ነው።

ስለዚህ ለሌላው ሰው ኢንሹራንስ የሚቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «በሕክምና ላይ ነኝ» በሉና ዝጉ። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። የሚያስቸኩላችሁ እነሱ እንጂ ሕጉ አይደለም፤ ለአካል ጉዳት መክሰሻው ጊዜ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። ለራሳችሁ ኢንሹራንስ ግን ቶሎ አሳውቁ። ኡበር ላይ ከነበራችሁ በአፑም አመልክቱ።

አደጋው ቦታም «ይቅርታ» አታብዙ። እኛ ተገጭተንም ይቅርታ እንላለን። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ ግን ሹፌር ለአደጋው ትንሽ እንኳ ጥፋት ካለበት፣ አንድ በመቶም ቢሆን፣ ካሳው ሙሉ በሙሉ ሊቀርበት ይችላል። የዋህነታችሁ እንደ እምነት ቃል ይያዛል። ታርጋውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንስ ካርዱንና የተጎዳውን ቦታ ፎቶ አንሱ። እንደ አዲስ አበባ ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መንገድ ዘግታችሁ አትቁሙ። የተጎዳ ሰው ከሌለና መኪናው ከተንቀሳቀሰ ዳር አውጡት።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ያመማችሁን ሁሉ አስመዝግቡ። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተባለ ማለት ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ቀስ እያላችሁ አንገታችሁን አንቀሳቅሱ። ለብዙ ሰው ኮላር፣ ማለትም የአንገት መደገፊያ፣ አይመከርም፤ አንገቱን ያሰንፈዋል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ መጀመሪያ ላይ ይረዳል። ፋርማሲ ገብታችሁ ፓራሲታሞል ስትሉ ካልገባቸው፣ እዚያ ስሙ አሲታሚኖፌን ነው። ጨጓራ ካለባችሁ አይቡፕሮፌን የተባለውን ማስታገሻ ሐኪም ሳትጠይቁ አትዋጡ። አብዛኛው ሰው በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ይድናል።

ወጌሻ ፍለጋ የምትዞሩ ደግሞ አላችሁ። የወጌሻ ጠላት አይደለሁም፤ ቁርጭምጭሚቴን ያሸኝ እዚሁ ለገጣፎ ያለ ሰው ነው። አዲስ የተቀጨ አንገት ግን ሐኪም ሳያየው ማንም አይጠምዝዘው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሐበሻም ቢሆን።

የእህቴን ልጅ በቪዲዮ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት። የወንበሩ ራስ መደገፊያ እስከ ማጅራቱ ብቻ ነው የሚደርሰው። መኪናውን ሲገዛ እንደነበረ ትቶታል። ጫፉ ከጭንቅላቱ ጫፍ እኩል፣ ከኋላውም የተቻለውን ያህል የቀረበ መሆን አለበት። «ጋሼ፣ ይሄ ከፍ ይላል እንዴ?» አለኝ። በስልክ ቀጭ ሲል ሰማሁት።