እንቁላል መጣል አላቆም ያለችው ባጂ

ባጂ፣ ያቺ ትንሿ በቀቀን፣ ወንድ አጠገቧ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች። የእኔዋ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ግን አላቆም አለች። አንዱን ባነሳሁ ቁጥር ሌላ ትተካለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባጂ የምትጥለው በአብዛኛው አንድ ቀን እየዘለለች ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ይሆናታል። ከሥሯ ከተወሰደባት ግን ገና አልሞላም ብላ ትቀጥላለች። ስለዚህ ማንሳቱን ተውኩና እንደልቧ ትቀፈው አልኩ። ጫጩት እንደሆነ አይወጣው! የዳበረ እንቁላል በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ያ ጊዜ ሲያልፍ ራሷ ሰልችቷት ትታው ተነሳች። ያኔ ሰበሰብኩት።

ዋናው ሥራ ዳግም እንዳትጀምር ማድረግ ነበር። ብርሃን ሲረዝም የመራቢያ ወቅት የደረሰ ይመስላታል። የሽቦ ቤቷን በጊዜ ጨርቅ እያለበስኩ ጨለማውን ለ12 ሰዓት ያህል አደረግኩት። የጎጆ ሣጥኑን፣ መስታወቱን፣ የምትቦጫጭቀውን ወረቀት ሁሉ አወጣሁ። ጀርባዋን መደባበስም ቀረ፤ እሷ እንደ ፍቅር ጥያቄ ነው የምታየው። ጭንቅላቷ ይበቃታል።

የኩትልፊሽ አጥንቱን፣ ማለትም ለካልሲየም የምትቆረጥመውን የባሕር እንስሳ አጥንት፣ ግን አልነካሁም። ቅርፊቱ የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ካልሲየም ካጠራት እንቁላሉ ለስላሳ ሆኖ ውስጧ ሊቀረቀር ይችላል። ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ ተቀምጣ ካማጠች፣ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።