በሰፈር ኮክቴል ቤት የቀጥታ ሙዚቃ ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ጎንደር ላይ ቤት ከፍቶ ሙዚቀኛ የሚቸግረው ሰው የለም። ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው ቡርቧክስ ራሷ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስባት የአዝማሪዎች መንደር ናት። የሚቸግረው ሌላ ነው። ሰባት ስምንት ጠረጴዛ ባለው ቤት፣ ሰው ጂን በሎሚውን ይዞ ከጓደኛው ጋር ሊጫወት በሚመጣበት ቦታ፣ ሙዚቃው ወሬውን ሳያፍን፣ ወሬውም ሙዚቃውን ሳይውጥ ማምሸት ነው።

እኔ ለእንዲህ ያለ ቤት አንድ መለኪያ ብቻ አለኝ። በር አጠገብ የተቀመጠ እንግዳ ሳይጮኽ ግጥም ሲሰጥ አዝማሪው ይሰማዋል ወይ? ከሰማው ምሽቱ ይሞቃል። ካልሰማው ምንም ያህል ውድ ስፒከር ብትገዙ ሰዉ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚህ መለኪያ የሚሠራ ነው።

ቀኑን መያዝ

ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ለጀማሪ ቤት አልመክራቸውም። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ይሻላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙዚቃውን ጨርሶ ተዉት፤ በልማድ አዝማሪውም የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ከጾሙ በፊት ያለው ቅበላ ግን እንዳያልፋችሁ። ሰው ሥጋውንም መጠጡንም ጨዋታውንም ሊሰናበት የሚወጣበት ሰሞን ነው።

ጥር ሌላ ጣጣ አለው። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ገበያው አለ። ግን ወሩ የሰርግ ወር ስለሆነ ጥሩ ተጫዋች በሰርግ ይያዛል። ለጥር ምሽት የምትፈልጉትን ሰው ከኅዳር ጀምራችሁ አነጋግሩ፣ ቀብድም ስጡ።

ጎንደር የ44 ታቦት ከተማ ናት። ቤታችሁ የትም ይሁን አጠገቡ ደብር አለ። የደብሩ ዓመታዊ በዓል ዋዜማ ማሕሌት ሲቆም ድምፅ ማጉያ መክፈት ነውር ነው፤ ከሰፈሩ ጋርም ያቃቅራል። ቀኖቹን ከባንኮኒው ጀርባ የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉባቸው። የሰዓት ገደብ በተጣለበት ወቅት ደግሞ ምሽቱን ወደ ቀን አምጡት። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ሁሉንም በጊዜ ቤቱ ያስገባል።

ሙዚቀኞቹ

ሁለት ሰው ይበቃል። አንድ ማሲንቆ ተጫዋችና አንድ ዘፋኝ፣ ወይም ክራርና ዋሽንት። ከበሮ ከጨመራችሁ በእጅ የሚመታ ይሁን። ኪቦርድ ይዞ ከበሮውንም ባሱንም ከማሽኑ የሚያወጣ አንድ ሰው መቅጠር ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በትንሽ ቤት ውስጥ ለሰው ንግግር ክፍተት አይተውም፣ ግጥም ለመቀበልም አያቆምም። ሰፊ አዳራሽ ሲኖራችሁ አምጡት።

ስለ ገንዘብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለምሽቱ የተቆረጠ ክፍያ ይኑር። ሽልማቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሙዚቀኞቹ ይሁን፣ እነሱ እርስ በርስ እንዴት እንደሚካፈሉም ከመጀመራቸው በፊት ይነጋገሩ። አንድ ቤት አውቃለሁ፣ ግንባር ላይ ከሚለጠፈው ብር ላይ ድርሻ እየቆረጠ የሚያስቀር። ጥሩ ጥሩዎቹ አንድ ምሽት ሠርተው አልተመለሱም። ወሬው በሙዚቀኞቹ መካከል ስለዞረ ሌሎቹም ሲጠሩ ምክንያት ይሰጣሉ። አሁን ብዙ ሰው በቴሌብር ስለሚሸልም የዘፋኟን ወይም የተጫዋቹን ቁጥር በትንሽ ካርቶን ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በቤቱ ቁጥር ከገባ ሌሊት ላይ ሒሳብ መለየት ጭቅጭቅ ነው።

እራት ሳይበሉ አታስጀምሯቸው። በዕድሜ ከፍ ያሉ ከሆኑ ጋሼ፣ እትዬ ብላችሁ ተቀበሏቸው፤ አስተናጋጆቹም እንደዚያው ይጥሯቸው። ቤቱ የሚያከብረውን ሰው እንግዳውም ያከብረዋል።

ድምፁ፦ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

መጀመሪያ ምንም ነገር ሳትሰኩ ሞክሩ። ማሲንቆ ለሳሎን ልክ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና በቆዳ የተለበጠ ሳጥን። ትንሽ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ማይክ ይሰማል። የሚያስፈልገው ለዘፋኟ ብቻ ትንሽ እገዛ ሊሆን ይችላል። ሰዎች ይህን ሙከራ ዘልለው በቀጥታ ሁለት ሞንታርቦ ይከራያሉ። ሞንታርቦ ለድንኳንና ለሜዳ ነው። ለስምንት ጠረጴዛ 8 ወይም 10 ኢንች የሆነ አንድ ስፒከር ይበቃል። ክፍሉ ረዘም ካለ ሁለት ትንንሾች፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ መሐል ላይ፣ ሁለቱም ዝቅ ብለው ይከፈቱ። አንድ ትልቅ ስፒከር ከፍ አድርጎ ከመክፈት በብዙ ይሻላል፤ ፊት ያለው ሰው ጆሮው አይደነቁርም፣ ኋላ ያለውም አይቀርበትም።

ስፒከሩን በማቆሚያ አውጡት፣ ከተቀመጠ ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ይበል። ወለል ላይ ከተቀመጠ ድምፁን የፊተኞቹ እንግዶች ጀርባ ይውጠዋል። ቦታውም ከዘፋኟና ከማይኩ ወደ እንግዶቹ ቀደም ብሎ ይሁን እንጂ ከኋላቸው አይሁን። ያ የሚያናድደው ፉጨት የሚመጣው ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው። የሰማውን ይልካል፣ ስፒከሩ ያጎላዋል፣ ማይኩ እንደገና ይሰማዋል። ስለዚህ የማይኩ ጀርባ ወደ ስፒከሩ ይዙር። ሲፏጭ ድምፁን ዝቅ አድርጉና ዘፋኟ ማይኩን ወደ አፏ ታስጠጋው። የማይኩን ራስ በመዳፍ ማቀፍ ፉጨቱን ያባብሰዋል። ማይኩን በተመለከተ የሹር ኤስ ኤም 58 ዓይነት ተራ የድምፅ ማይክ በቂ ነው። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። አስመስለው የተሠሩ ብዙ ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት ሰክታችሁ ስሙት።

ማሲንቆው የግድ ማይክ ካስፈለገው ከቆዳው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አቁሙለት። በጣም ከቀረበ የደጋኑ መፋቅ ከዜማው ይበልጣል። ሚክሰሩ (ድምፆቹን የሚያደባልቀው መሣሪያ) ላይ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ከ100 ኸርዝ በታች ማሲንቆው የሚለው ነገር የለም፤ እዚያ ያለው የፍሪጅ ጉምጉምታና የእግር ኮቴ ነው። ኢኮውን ደግሞ አጥፉት። ብዙ ባለሙያ ሲከራዩት ኢኮ ከፍቶ ይመጣል፣ ዘፋኝም ይወደዋል። ግጥም ላይ ግን አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይደራረብና ሰሙም ወርቁም ይጠፋል።

ክፍሉን አትርሱት። ፒያሳ ባሉት በጣሊያን ዘመን በተሠሩ ቤቶች ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ጠንካራ ነው። ድምፅ እየተጋጨ ይመለሳል። መድኃኒቱ ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍና ስፖንጅ ያለው መቀመጫ ነው። ከሁሉ በፊት ከሙዚቀኞቹ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ወይም መስታወት ሸፍኑ። የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ የሚባለውን አቋራጭ ተዉት፤ ስስ ወረቀት ስለሆነ የሚይዘው ድምፅ ጥቂት ነው፣ እሳትም ይወዳል። ቤታችሁ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ላይ ዝናቡ ሁሉንም ያሸንፋል። በዚያ ሰሞን እርጥበቱ የማሲንቆውንና የከበሮውን ቆዳም ያላላዋል። ተጫዋቹ የሚያሞቅበት የከሰል ምድጃ ከወጥ ቤት ቢዘጋጅለት ደስ ይለዋል።

አሁን ባንኮኒው። ኮክቴል ቤት ከሌላው ቤት የሚለየው እዚህ ነው፤ ሥራው ራሱ ይጮኻል። ብሌንደሩን ወደ ወጥ ቤት አስገቡት። በረዶውን ምሽቱ ከመጀመሩ በፊት ሰባብራችሁ ያዙ። ሼከር የሚመታው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው፤ ባርማኑ ይህን በዘፈንና በዘፈን መካከል ወይም ጭብጨባው ሲደምቅ ያድርገው። ትዝታ ሲጀመር ብርጭቆው ውስጥ ተቀላቅለው የሚያልቁ መጠጦች ይውጡ፦ ጠጅ በሎሚና በዝንጅብል፣ ጂን በቶኒክ። የማኪያቶ ማሽኑ እንፋሎትም እንደዚያው ይጠብቅ።

ከዚያ ሙከራው። ሠራተኞችና ጥቂት ጓደኞች ጠረጴዛዎቹ ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው ያውሩ። አንድ ሰው ከመጨረሻው ጠረጴዛ፣ በተለመደ ድምፁ፣ ሁለት ስንኝ ይበል። ተጫዋቹ ማሲንቆውን ሳያቆም ቃል በቃል መመለስ አለበት። ቃል በቃል የምለው በምክንያት ነው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት በአንድ ስንኝ 6ና 6 ቀለም፣ ማለትም የቃል ድምፅ ክፍል፣ ነው። አንድ ቃል ካመለጠው ምቱ ይሰበራል፣ ወርቁም ብዙ ጊዜ ያለው በዚያች ቃል ላይ ነው። ካልተሰማው ስፒከሩን ዝቅ አድርጉና ድገሙት። አዎ፣ ዝቅ። ሰው ጫጫታ ሲበዛበት ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ ይህን ካሳየ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። እናንተ ስፒከሩን ስትጨምሩ ጠረጴዛዎቹ ይጨምራሉ፣ እነሱን ለመብለጥ እንደገና ትጨምራላችሁ። ማብቂያ የለውም። ስትቀንሱ ክፍሉ አብሮ ይቀንሳል።

ቤቱ ሲሞላ የሰው ልብስና ገላ ድምፅ ስለሚመጥ ጥቂት መጨመር ይኖርባችኋል፣ ጥቂት ብቻ። በስልክ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም ይረዳል። ጠረጴዛዎቹ ላይ 85 ዴሲቤል ካለፈ ቀንሱ። ይህ በሥራ ቦታ ለ8 ሰዓት ቆይታ የሚያዝ ወሰን ነው፣ አስተናጋጆቻችሁም ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙት እዚያው ነው።

ምሽቱ ሲጀመር

ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ገደማ፣ መሐል ላይ 20 ደቂቃ እረፍት። መጠጥ የሚሸጠውም በእረፍቱ ነው። የመጀመሪያው ዙር በዝግታ ይሂድ፤ ትዝታ ወይም አምባሰል፣ ሰው የመጀመሪያ ብርጭቆውን ይዞ እስኪደላደል። ግጥም መቀባበሉ በሁለተኛው ዙር ይግባ። እስክስታው ለመጨረሻ ይቆይ፤ ቀድሞ ከተነሳ ሰዉን መልሶ ማስቀመጥ አይቻልም።

የመጀመሪያውን ግጥም ማንም ደፍሮ አይሰጥም። ከቤቱ ሰው አንዱ፣ አፈኛ የሆነ፣ «ተቀበል!» ብሎ ይጀምር። ለዓይን አፋር እንግዳ አስተናጋጁ ጆሮ ላይ ሰምቶ ለአዝማሪው ያድርስ። በወረቀት ማቀበል አይመችም፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ማይክ ለእንግዳ አትስጡ። አንዴ ከሰጣችሁ ማስመለስ ከባድ ነው። ዘርና ሃይማኖት የሚነካ፣ በስም ሰው የሚያዋርድ ግጥም እንዳይገባ ከአዝማሪው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጎበዝ አዝማሪ እንዲህ ያለውን ስንኝ አጣሞ ወደ ሙገሳ ይመልሰዋል፣ የሰጠውም ሰው ሳይከፋው ይስቃል።

መብራት ሲሄድ አትደንግጡ። በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች ተሞልተው ይጠብቁ፣ ማሲንቆው ሳያቋርጥ ይቀጥል። ይህንንም በሙከራው ላይ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ጀነሬተር ካላችሁ ከመነሳቱ በፊት መጀመሪያ ስፒከሩን ቀጥሎ ሚክሰሩን አጥፉ፤ ኃይሉ ሲመለስ የሚረግጠው እነዚህን ነው። ስታበሩ ሚክሰሩ ይቅደም።

እንግዳ በስልኩ ሊቀርፅ ይፈልጋል። ሙዚቀኞቹን ጠይቁ፣ የሚሉትንም በር ላይ ለጥፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ በሥራው ላይ መብት ይሰጠዋል። የምሽቱን ማስታወቂያ ስትሠሩም ሙዚቃውን አስተዋውቁ እንጂ መጠጡን አይሁን። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ስለሆነ በሩ ላይ መታወቂያ የሚያይ ሰው ይኑር።

ሲያልቅ ሒሳባቸውን መሣሪያቸውን ሳይሸክፉ ስጧቸው፣ ሙሉውን። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ስለማይገኝ የሚያደርሳቸውን መኪና አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወጪውም የቤቱ ይሁን። ሻይ እየጠጡ ሳሉ ከየትኛው ጠረጴዛ የመጣው ግጥም እንዳልተሰማቸው ጠይቋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ የምታንቀሳቅሱት ያንን ጠረጴዛ ነው።